ለጋሽ አላጣንም፣ ሌላ ነገር ነው ያጣነው

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የኖረ ሰው ይህቺን መኪና ያውቃታል። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ፣ ጎኗ ላይ የታማሚው ፎቶ ያለበት ባነር፣ ከኋላዋ ካርቶን የያዙ ወጣቶች። «ወገን ለወገን! ለህክምና ውጭ ሀገር መሄድ አለበት ተብሏል! ያላችሁን ጣል አድርጉ!» ከሸዋ በር ተነስታ ፒያሳን ዞራ ቧንቧ ውሃ ትደርሳለች። ቅዳሜ ደግሞ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ናት። የወሎ ሰው እንደሁ አንጀቱ አይችልም። የታክሲ ረዳቱ ከሰበሰባት ይጥላል፣ በርበሬ ሻጯ ከመቀነቷ ትፈታለች፣ እኛም ለማኪያቶ ያሰብናትን እናወጣለን። ይህን ባህል ማንም እንዳይነካብን!

ግን (ያለ «ግን» መጻፍ አንችልም፣ ትምህርታችን ያስለመደን ነው) አንድ ጥያቄ አለችን። በሽታው የደም ካንሰር ሲሆን፣ ወይም መቅኒው ደም ማምረት ያቆመ ሰው ሲሆን፣ አውሮፕላኑ አያድነውም። ህንድም አታድነውም። የሚያድነው የሌላ ሰው መቅኒ ነው። ታዲያ ያ ሰው ማነው? የእናቱ ልጅ ነው? የአባቱ ልጅ? ተመርምሯል? ስንት ጊዜ ነው ካርቶኑ ውስጥ ብር ጥለን ይህን የጠየቅነው?

ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በፊት እንደሚመጣ ነግረውን ነበር። እስቲ ዛሬ «ማን» ብለን እንነሳ። ለጋሹ ማነው? ከለጋሹ ጋር ምን አብሮ ይገባል? ለእኛስ የጎደለን ለጋሹ ነው ወይስ ሌላ? (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደሙ የማን ነው?

መቅኒ ማለት አጥንታችን ውስጥ ያለ የደም ፋብሪካ ነው። ቀይ የደም ሴል፣ ነጭ የደም ሴል፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት፣ ሁሉም የሚወጡት ከአንድ እናት ሴል ነው። ሳይንሱ ስቴም ሴል ወይም ግንድ ሕዋስ ይለዋል። ንቅለ ተከላ ሲደረግ የታማሚው ፋብሪካ በከባድ ኬሞ ይዘጋል፣ ከዚያ የለጋሹ ግንድ ሕዋስ ይሰጠዋል። «ንቅለ ተከላ» የሚለው ቃል ያስፈራል እንጂ ቀዶ ጥገና የለውም። ልክ ደም እንደሚሰጠው በክንድ ወይም በአንገት ሥር ባለ ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፣ ሴሎቹም መንገዳቸውን ራሳቸው ፈልገው አጥንት ውስጥ ይገባሉ።

ለጋሹስ? እዚህ ላይ ወሬው ብዙ ነው። «አከርካሪህን ይወጉሃል»፣ «ልጅ አትወልድም»፣ «ሽባ ትሆናለህ»... ወዳጆቼ፣ መቅኒ ከአከርካሪ ነርቭ አይወሰድም። ወይ በማደንዘዣ ከዳሌ አጥንት ይቀዳል፣ ወይ (አሁን አብዛኛው እንዲህ ነው) ለጋሹ ለ4 ወይም ለ5 ቀን መርፌ እየተወጋ ግንድ ሕዋሱ ወደ ደሙ እንዲወጣ ይደረግና በማሽን ከክንዱ ይለያል። አጥንት ይቆረጥመዋል፣ ጉንፋን እንደያዘው ያደርገዋል፣ ያልፋል። የሰጠውንም ሰውነቱ በሳምንታት ውስጥ ይተካዋል።

አስገራሚው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የታማሚው ደም የለጋሹ ደም ይሆናል። ለጋሹ ኦ ከነበረ፣ ኤ የነበረው ታማሚ ኦ ይሆናል። እህት ከወንድሟ ከወሰደች፣ ደሟን ብትመረምሩት የወንድ ክሮሞዞም ታገኙበታላችሁ። በልጅነቷ የተከተበችው ክትባት ሳይቀር ቀስ በቀስ ይጠፋል። በሽታ የመከላከል አቅሟ እንደ አዲስ ይወለዳል፣ የሚወለደውም በለጋሹ ዘረ መል ነው።

ይህ ምን ያህል ሥር ነቀል እንደሆነ ለማየት ቲሞቲ ሬይ ብራውንን አስታውሱ። ኤች አይ ቪም የደም ካንሰርም የነበረበት በርሊን የሚኖር አሜሪካዊ ነው። በ2007 ሐኪሙ ጌሮ ሁተር ለካንሰሩ ንቅለ ተከላ ሲያደርግለት፣ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበትን ሲሲአር5 የሚባለውን በር በተፈጥሮው የሌለው ለጋሽ መረጠ። ከለጋሹ የተወለደው አዲስ ነጭ የደም ሴል ለቫይረሱ በሩን ዝግ አደረገው። ብራውን በ2020 ሕይወቱ ያለፈው ካንሰሩ ተመልሶበት እንጂ በኤች አይ ቪ አልነበረም። ይኸው ነው እንግዲህ፣ ለጋሽ ስትመርጡ ደም ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን ዘበኛም ነው የምትመርጡት።

የሰውነት መታወቂያ

ዘበኛው ግን የሚጠብቀውን ቤት ማወቅ አለበት። አብዛኞቹ ሴሎቻችን ላያቸው ላይ መታወቂያ ለጥፈው ነው የሚዞሩት። ኤችኤልኤ ይባላል፣ ጂኖቹም 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ተደርድረዋል። ነጭ የደም ሴል መታወቂያ እያየ ያልፋል፣ የማያውቀውን ያጠቃል። አዲሱ ዘበኛ የቤቱን መታወቂያ ካላወቀው ባለቤቱን ሌባ ነው ብሎ ይይዘዋል። ቆዳውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱን ያጠቃዋል። ሐኪሞች የዚህን ጦርነት ስም «ንቅሉ በባለቤቱ ላይ ሲነሳ» በሚል ትርጉም ነው የሚጠሩት።

ዶናል ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1957 መቅኒ በደም ሥር የሰጣቸውን 6 ታካሚዎች ታሪክ ጻፈ፣ ከ100 ቀን በላይ የኖረ አልነበረም። በተከታዩ ዓመት ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ የመጀመሪያውን የመታወቂያ ምልክት አገኘ። ከዚያ በ1968 ሮበርት ጉድ ሚኒሶታ ውስጥ በሽታ መከላከያ ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን ከእህቱ መቅኒ ወስዶ ሰጠው፣ ልጁም ዳነ። ዶሴ በ1980፣ ቶማስ በ1990 ኖቤል ተሸለሙ። ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀው ትምህርት በአጭሩ «መጀመሪያ እህትህን ጠይቅ» የሚል ነበር።

ለምን እህት? ከእናት ግማሽ፣ ከአባት ግማሽ እንወርሳለን። አንድ የእናትና የአባት ልጅ ሙሉ በሙሉ ከእናንተ ጋር የመመሳሰል ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ሒሳቡን ሠርተነዋል። አንድ ወንድም ወይም እህት ያለው 25 በመቶ፣ ሁለት ያለው 44፣ ሦስት ያለው 58፣ አራት ያለው 68፣ አምስት ያለው 76፣ ስድስት ያለው 82 በመቶ ዕድል አለው። የእናቶቻችን ትውልድ ሰባት ስምንት ሲወልድ «ምን ያደርግላቸዋል» እያልን እንቀልድ ነበር። ይኸው፣ እያንዳንዱ ታናሽ አንድ የሎተሪ ቲኬት ነው! እኛ የከተማዎቹ ሁለት ወልደን ልናቆም ነው፣ ስለዚህ ይህ ሀብት በእኛ ዘመን እየሳሳ ይሄዳል።

ሁለት ነገር ግን አብረን እንያዝ። አንደኛ፣ በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች በአብዛኛው የሚመሳሰሉት ቢበዛ በግማሽ ነው። ሁለተኛ፣ ምርመራው የቤት ምስጢር ሊያወጣ ይችላል። ቤተሰቡ «የአንድ አባት ልጆች ናቸው» ሲል ላቦራቶሪው «አይመስለኝም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ምርመራውን የሚያደርገው ሰው አፉ የተቆለፈ መሆን አለበት። ለታማሚው ለጋሽ ለማግኘት ተብሎ የእናቱ ትዳር መፍረስ የለበትም።

«ዘር» ስንል

ወንድም እህት የማይገጥመው ሰው ወደ ዓለም አቀፍ መዝገብ ይሄዳል። በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው «ቢያስፈልግ እሰጣለሁ» ብሎ ተመዝግቧል። ድንቅ ነው። ችግሩ የተመዘገቡት አብዛኞቹ እኛን አይመስሉም። በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ ከአሜሪካው መዝገብ የማግኘት ዕድል ለአውሮፓ ዝርያ ላላቸው ነጮች 75 በመቶ ነው። ለአፍሪካ አሜሪካውያን 19 በመቶ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ የተመዘጋቢው ማነስ። ሌላው ደግሞ፣ የሚገርመው፣ የአፍሪካ ሀብታምነት ነው። የሰው ልጅ ረጅሙን ዕድሜ የኖረው አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ በዘረ መል ልዩነት እንደ አፍሪካ የበዛ የለም። በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት የኢትዮጵያውያን ዘረ መል የብዙ ዘመን ቅልቅል መሆኑን አሳይቷል። መታወቂያው በበዛ ቁጥር ደግሞ ሁለት ተመሳሳይ መታወቂያ ማግኘት ይከብዳል።

እዚህ ላይ «ዘር» የሚለው ቃል አንደበታችንን ያደናቅፈዋል። በእኛ ሀገር «ዘርህ ምንድነው» ሲባል የሚከተለው ሳይንስ አይደለም፣ ይታወቃል። ስለዚህ በግልጽ እንናገር። አዎ፣ የሩቅ አያቶች የጋራ መሆናቸው የመግጠም ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ግን 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ብሔር የሚባል አምድ የለም። ከአንድ ማህፀን የወጡ ሁለት ልጆች ላይገጥሙ ይችላሉ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሊገጥሙ ይችላሉ። ወሎ ደግሞ አባቱ ሰይድ አያቱ ገብሬ፣ አክስቱ ሐጂ አጎቱ ቄስ የሆነበት ሀገር ነው። እዚህ ለጋሽ የሚፈልግ ሰው መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ቢመርጥ የራሱን ዕድል በራሱ መቁረጡ ነው።

ውጭ ያሉ የእኛ ልጆች ግን ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ፣ ለንደን፣ ቴል አቪቭ ያሉት። እዚያ መመዝገብ ማለት ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ መጥረግ ነው፣ አለቀ። ቁስል እንዳለ አንክድም። በጥር 1996 ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ፍርሃት በድብቅ ሲጣል መኖሩን ማሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ ሲያወጣ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጡ። «ደሜን ደፍተህ መቅኒዬን ትጠይቀኛለህ?» የሚል ሰው ይኖራል፣ ቢልም እውነት አለው። መልሱ ግን መዝገቡ ላይ ስማችን እንዲጠፋ ማድረግ አይደለም። የምንጠፋው ከራሳችን ልጆች ላይ ነው።

ሌላ የወሎ ጉዳይ ደግሞ አለ። የምትገጥመው እህት የት ናት? ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ ጂዳ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ ፓስፖርቷ በአሰሪዋ እጅ ያለ እህት «ወንድምሽ መቅኒ ይፈልጋል፣ ነይ» ስትባል በምን ትመጣለች? ስለ ስደት ስናወራ ስለሚላከው ገንዘብ እናወራለን። ከገንዘቡ ጋር የማይላክ ነገር እንዳለም እንቁጠረው።

መግጠም ብቻ አይበቃም

መታወቂያው ገጠመ እንበል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። አዲሱ ዘበኛ አንድ ቀን ተሰልፎ አይገባም። ባክቴሪያ የሚበሉት ኒውትሮፊሎች ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይመጣሉ። ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች የሚባሉት በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ይከተላሉ። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ቢ ሴሎች ከግማሽ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ይፈጃሉ። የዘበኞቹ አዛዥ የሆኑት ቲ ሴሎች ደግሞ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። እነዚህ የሚሰለጥኑት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ነው። ታይመስ ከዕድሜ ጋር ትሰልላለች። ለዚህ ነው ልጆች ከአዋቂዎች ቶሎ የሚያገግሙት።

ፍጥነቱና ጥራቱ ላይ ደግሞ የለጋሹ ማንነት እጁ አለበት። ወጣት ለጋሽ ይሻላል፣ ይህ በብዙ ጥናት የተደገመ ነው። ገዳይ ሴሎቹን የሚያዙት ኬአይአር የሚባሉ ጂኖች 19ኛው ክሮሞዞም ላይ ናቸው። ስለዚህ ከመታወቂያው ተለይተው ይወረሳሉ፣ ሙሉ በሙሉ የገጠሙ ሁለት ወንድሞች በእነዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። የሚኒሶታ ተመራማሪዎች በ2009 እና በ2010 ባወጧቸው ሥራዎች፣ የዚህ ጂን አንድ ዓይነት ያላቸው ለጋሾች የአንድን የደም ካንሰር ተመልሶ መምጣት እንደሚቀንሱ አሳዩ። ቲ ሴሎች የሚያድጉበት ኢንተርሉኪን 7 የሚባል ምግብ መሰል ነገር አለ። ምግቡን የሚቀበለው በር በጂን ከሰው ሰው ይለያያል፣ የዴንማርክ ተመራማሪዎችም የለጋሹ ዓይነት ከንቅለ ተከላው ውጤት ጋር እንደሚያያዝ ጽፈዋል። ለጋሹ ቀድሞ የተዋጋቸው ቫይረሶችም ይቆጠራሉ። ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ ያለበት ታማሚ፣ ቫይረሱን የሚያውቅ ለጋሽ ቢያገኝ ይመረጥለታል።

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1990ዎቹ ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ለክቶ በ1999 ሲያሳትም፣ የእኛ ሰው አማካይ ሲዲ4 ሴል 775 ገደማ ሆኖ ተገኘ፣ ከኔዘርላንዶቹ ያነሰ። ሰው ጤነኛ ነው፣ ቁጥሩ ግን ዝቅተኛ ነው። ዘረ መል ነው? አካባቢ ነው? ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያንን ያጠኑ ሐኪሞች ዝቅ ያለውን ሲዲ4 አንጀት ውስጥ ካሉ ጥገኛ ትሎች ጋር አያይዘውታል። ስለዚህ ሁሉንም በጂን ማሳበብም አይቻልም። የምንጠጣው ውሃም ደማችን ውስጥ ይቆጠራል።

ሌላኛው ግን የጂን ነው። ብዙ አፍሪካውያን ቀይ የደም ሴላቸው ላይ ዳፊ የሚባለው ምልክት የለም። ይህ ከአንድ የወባ ዓይነት፣ ከቫይቫክስ፣ በእጅጉ ይከላከላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ ያለውም የሌለውም አለ፣ ለዚህም ነው ቫይቫክስ ከብዙ የአፍሪካ ሀገሮች በበለጠ እኛ ዘንድ የሚገኘው። ደሴ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ብርድ ልብስ ደርባ ስትተኛ፣ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ያለችው ኮምቦልቻ የወባ ትንኝ ታባርራለች። የዳፊ ምልክት አለመኖር ሌላም ነገር ያመጣል። በ2009 እንደታወቀው፣ ምልክቱ የሌለው ሰው ኒውትሮፊሉ በተፈጥሮው ዝቅ ይላል፣ ያለ ምንም ሕመም። እንግዲህ አስቡት። እንዲህ ያለ ለጋሽ መቅኒ ሲሰጥ ታማሚው የሚያገግመው ወደ ለጋሹ ቁጥር ነው። በአውሮፓ ሠንጠረዥ የሚያነብ ሐኪም ግን «ገና አላገገመም» ብሎ መድኃኒት ሊቀጥልበት ይችላል። የራሳችን ሠንጠረዥ የሚያስፈልገን ለኩራት ሳይሆን ለዚህ ነው።

ለጋሹ ቤት ውስጥ ነው

እስካሁን ያልነው የሚያስፈራ ይመስላል። መልካም ዜናው ግን ዓለም መንገድ ማግኘቷ ነው። ባልቲሞር የሚገኙት የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች በ2000ዎቹ አንድ ዘዴ አጠሩ፣ በ2008 ውጤቱን አወጡ። ግማሽ ብቻ የሚገጥም ለጋሽ ይወስዳሉ። ከዚያ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል መድኃኒት ይሰጣሉ። መድኃኒቱ ባለቤቱን ለማጥቃት የተነሱትን ዘበኞች መርጦ ይመታል፣ ግንድ ሕዋሱን ይተወዋል። ይህ መድኃኒት አዲስ ተአምር አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ የተቀመጠ ነው።

ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? ግማሽ የሚገጥም ሰው ማነው? እናት ናት። አባት ነው። ልጅ ነው። ከወንድም እህት መካከል ግማሾቹ ናቸው። ማለትም ከእንግዲህ «ለጋሽ አጣን» ማለት ለብዙ ሰው አይሠራም። ለጋሹ እቤት ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው።

ታዲያ ያጣነው ምንድነው? ለጋሹ የሚሰጥበትን ቤት ነው ያጣነው።

ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው የራሱ ፋብሪካ እስኪነሳ በሌሎች ሰዎች ደም ነው የሚኖረው። ቀይ ደም ይፈልጋል፣ ፕሌትሌት ይፈልጋል፣ ፕሌትሌት ደግሞ በተለመደው አያያዝ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት ሀብታም ሀገሮች ከ1000 ሰው 31.5 ልገሳ ሲያገኙ ደሃዎቹ የሚያገኙት 5 ነው። በእኛ ሀገር የደም ባንኩ ሥራ ከቀይ መስቀል ወደ መንግሥት የዞረው በ2012 ነበር፣ «ዘመድ ይተካ» ከሚለው አሠራር ወደ በጎ ፈቃድ ልገሳ የተሻገርነውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ደሴም የራሷ የደም ባንክ አላት። ግን የሚለግሰው አብዛኛው ተማሪ ነው፣ ትምህርት ሲዘጋ ደሙም ይዘጋል።

ቤቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ፈርሷል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍባቸው ሆስፒታሎች ተዘረፉ፣ መሣሪያ ወደመ። የደሴው ሆስፒታል ከዚያ ዐመድ ነው የተነሳው። ይህን ያለፈ ከተማ ፊት ቆሞ «የመቅኒ ንቅለ ተከላ ማዕከል ይከፈትልን» ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኛም አንልም። የምንለው ሌላ ነው።

«ሕፃን በምግብ እጥረት በሚሞትበት ሀገር ስለ መቅኒ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለንን ሰው እንሰማዋለን። ጥሩ ክርክር ነው። መልሳችን እንዲህ ነው። ለመቅኒ ታማሚ የሚያስፈልገው ደም ወልዳ ደም ለሚፈሳት እናት የሚያስፈልገው ደም ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ንጹሕ ክፍልና እጁን የሚታጠብ ባለሙያ ያለ ቀኑ ለተወለደ ጨቅላም ያስፈልገዋል። ለእሱ የሚያስፈልገው የደም ቆጠራ ማሽን ለወባ ታማሚውም ይሠራል። መሠረቱ አንድ ነው። የላይኛው ፎቅ ካልታሰበ ግን መሠረቱም ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

«አይሆንም» የሚለውንም ቢሆን እናውቀዋለን። ስለ ኩላሊት ሲባል የነበረው ይኸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀመረ። ጎረቤት ብንዞር ደግሞ ናይጄሪያ ቤኒን ከተማ ላይ በ2011 መቅኒ ተክላለች። ታንዛኒያ በ2023 ማጭድ ሴል የሚባለው የደም በሽታ ያለባቸውን ልጆች ዶዶማ በሚገኘው ቤንጃሚን ምካፓ ሆስፒታል አክማለች። ልብ በሉ፣ ዳሬሰላም ብቻ ሳትሆን ዶዶማም ትችላለች።

ሲመለስ ማን ይቀበለዋል?

አሁን ወደ እኛው ባህል እንግባ፣ ትንሽ ያማል። ታማሚው ውጭ ሄዶ፣ ንቅለ ተከላው ተሳክቶለት፣ በስንት ልመና ተመለሰ እንበል። ያን ቀን ምን እናደርጋለን? ሰፈሩ በሙሉ ይገባል። ግራ ቀኝ አራት አምስት ጊዜ መሳም አለ። ቤቱ በዕጣን ይታጠናል፣ ወዳጃ ተጠርቶ ሌሊቱን በዱዓ ያድራል፣ ወይ ጠበል ይመጣል። በግ ይታረዳል፣ «ጥሬውን ቅመስ፣ ደም ይሆንሃል» ይባላል። እርጎው፣ አይቡ፣ ከጎተራ የወጣው እህል አቧራ...

ይህ ሰው በሽታ የመከላከል አቅሙ የአራስ ልጅ ነው! አራስ ቤት ስንገባ እጃችንን እንታጠባለን፣ ጉንፋን ከያዘን አንገባም። እሱ ግን 35 ዓመቱ ነው፣ ጢም አለው፣ ስለዚህ አራስ አይመስለንም። ፍቅራችን ሊገድለው ይችላል። ክትባት ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ይጀመርለታል፣ የኩፍኝን ክትባት የመሰለ ሕያው ክትባት ደግሞ 2 ዓመት ሳይሞላው አይሰጠውም። እስከዚያ የሚጠብቀው የጎረቤቱ ልጆች መከተብ ነው። የጎረቤት ልጅ ካልተከተበ የኩፍኙ መንገድ በእሷ በኩል ነው።

ዱዓውም ጸሎቱም ይቅር አላልንም። ወዳጃው ግቢ ውስጥ፣ ታማሚው መስኮቱ ጋ ሆኖ ይደረግ። ስንስም በእጅ ምልክት ይሁን፣ በኮሮና ጊዜ ለምደነው አልነበረም? ሥጋው ይብሰል። ጠያቂው በቀን ሁለት ይሁን። «ናቁን» ብሎ የሚያኮርፍ ዘመድ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ኩርፊያው በእኛ ላይ ይሁን።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ?

ሦስት ነገር ነው የምንለው። አንደኛ፣ ለደም ካንሰር ወይም ለመቅኒ በሽታ ገንዘብ የሚሰበስብ ኮሚቴ ከሁሉ በፊት «የእናትና የአባት ልጆች ስንት ናችሁ? የት ናችሁ? ተመረመራችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ትኬት መቁረጥ ገንዘብንም ጊዜንም ማባከን ነው።

ሁለተኛ፣ ሀገሪቱ ንቅለ ተከላ ስታስብ ከሕንፃው በፊት ሰንጠረዡን ታስብ። የእኛ ሰው ጤነኛ የደም ቁጥር በደጋም በቆላም ስንት ነው? መታወቂያችን ምን ምን ዓይነት ነው? የአማራና የኦሮሞ ሰዎች ኤችኤልኤ በ1998 ተጠንቶ ታትሟል፣ ያን ካደረግን ቆይተናል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ ይኸው ርዕስ ሞልቷል።

ሦስተኛዋ የእኛ የወጣቶቹ ናት። ዕድሜህ ከ18 በላይ፣ ክብደትሽ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነ፣ ጤነኛ ከሆናችሁ፣ በየሦስት ወሩ መለገስ ትችላላችሁ። በተለይ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት፣ ባንኩ በሚደርቅበት ሰዓት። ቀኑን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የሚወስደው ጊዜ ፒያሳ ላይ አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ ከመነሳት አይበልጥም፣ ሒሳብም አይከፈልበትም።